በሴስና ወደ ቬኒስ ስንሄድ ኢንስብሩክ ላይ ደመና ያዘን፤ ምን ይሻላል?

ጥያቄ (ዳዊት፣ ፍራንክፈርት)
ሰላም ወገኖች። ከክለባችን ሴስና 172 የምትባለዋን ትንሽ አውሮፕላን ተከራይቼ፣ ባለቤቴንና ወንድሟን ይዤ ፍራንክፈርት አጠገብ ካለው ከኤግልስባኽ ማረፊያ ተነሣሁ። ሐሳቡ ቬኒስ ሊዶ በሚባለው ትንሽ ማረፊያ አርፈን ከተማውን አይተን፣ ከዚያ ወደ ክሮኤሺያዋ ሎሺን ደሴት መሻገር ነበር። አልፕስ ተራሮች መካከል ባለችው በኦስትሪያዋ ኢንስብሩክ ላይ አየሩ ተበላሸ። ከትናንት ጀምሮ ዝናብ ነው፣ ደመናው የተራሮቹን ወገብ ይዞ አልነሣ ብሏል። በመሣሪያ የመብረር ፈቃድ የለኝም፣ የምበረው በዓይኔ እያየሁ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ አውሮፕላኑ እሑድ ማታ መመለስ አለበት። አውራ ጎዳናውን ተከትዬ በደመናው ሥር ወደ ጣሊያን በሚያሻግረው የብሬነር ተራራ ማለፊያ ሾልኬ ልለፍ ወይስ በምሥራቅ ልዙር? ሰዎቼ ቬኒስን ሳናይ አንመለስም ብለው ሙጭጭ ብለዋል።

ጋሽ በቀለ (ቪየና)
ሾልኬ የምትለዋን እርሳት። ብሬነር 1,370 ሜትር ገደማ ነው፣ ዝቅ ያለ ስለሆነ ያማልላል። ግን ሸለቆው እየጠበበ መሬቱ ወደ አንተ ይወጣል፣ ደመናው ደግሞ አብሮ ከፍ አይልልህም። ሦስት ሰው፣ ሻንጣና ሙሉ ነዳጅ የጫነ 172 ከመሬቱ እኩል ላይወጣ ይችላል። ቦሌ 2,300 ሜትር ላይ በረራ የተማርን ሰዎች አየሩ ሲሳሳ ሞተር እንዴት እንደሚለግም እናውቃለን። ሌላ ቀን ሰማዩ ተከፍቶ ስትሄድም የሸለቆውን ቀኝ ጠርዝ ያዝ። ለመመለስ ብትፈልግ ሙሉ ስፋቱ ይተርፍሃል፣ ከፊት የሚመጣውም በሌላው በኩል ያልፍሃል። ከኢንስብሩክ ብዙም ሳትርቅ በስተቀኝ የስቱባይ ሸለቆ ይከፈታል። ብሬነር መስሎህ ከገባህበት መጨረሻው የበረዶ ተራራ ነው።

ሰናይት (ሙኒክ)
ጋሼ ጨርሰውታል። ጠዋት ጠዋት የኦስትሪያን ጋፎር፣ ማለትም በዓይን ለሚበሩ የሚወጣውን የአየር ትንበያ ተመልከት፣ የመስመሮቹን ሁኔታ በፊደል ይነግርሃል። ኤክስ ካለ ዝግ ነው፣ ኤም ካለም አንተ ዝግ ነው ብለህ ቁጠረው። የብሬነርንና ከኢንስብሩክ በላይ ያለውን የፓቸርኮፍል ተራራ ካሜራም እይ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ነገ ተነሥተህ ኢንስብሩክ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ብታገኘው ቶሎ አትደሰት። ፎን የሚሉት የደቡብ ነፋስ ሲነሣ ከተማው ብራ ሆኖ ብሬነር ላይ አየሩ ያንገላታሃል። ምስር የመሰለ ለስላሳ ደመና ከተራራው በላይ ቆሞ ካየህ እሱ ነው። የቦልዛኖና የኢንስብሩክን የአየር ግፊትም አነጻጽር፣ ቦልዛኖ በ4 ሄክቶፓስካል ከበለጠ አትነሣ።

ቢኒ
ምሥራቁን እኔ ሄጄበታለሁ፣ ያምራል። በሳልዝቡርግ፣ በሊንዝ፣ በግራዝ፣ በማሪቦር አድርገህ ስሎቬኒያ ውስጥ ፖርቶሮዥ ላይ ባሕር ታያለህ። ግን በ172 ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ነው፣ ያውም ቬኒስ ሳትደርስ። ደግሞ ዝናቡ ከሰሜን የሚመጣ ከሆነ ደመናው የሚከመረው በአልፕስ ሰሜን ነው፣ ሳልዝቡርግም ያው ናት። ከሉብሊያና ወዲያ ፖስቶይና ላይ ቦራ የሚባለው ነፋስ ካለ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ለሦስት ቀን አይሆንህም ባይ ነኝ።

ትርሲት (ቬሮና)
ኧረ ባቡር እያለ! አውሮፕላኑን በደንብ አስረህ፣ መሸፈኛውን አልብሰህ ተወው። በዚያው በብሬነር አድርጎ ቬሮና ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ከቬሮና ቬኒስ ደግሞ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ነገ ሄዳችሁ ቅዳሜ ማታ ትመለሳላችሁ። የሊዶው መንደርደሪያ ሣር ነው፣ ከዝናብ በኋላ ጭቃ ሊሆን ስለሚችል እሱም ቀረልህ። ዛሬ ከሰዓት ደግሞ በኢንስብሩክ አሮጌው ከተማ ያለውን ዝነኛውን የወርቁን ጣሪያ አሳያቸው። ከዚያ በኬብል መኪና ከከተማው በላይ ወዳሉት የኖርድኬተ ተራሮች ውጡ፣ ከ2,200 ሜትር በላይ ያደርሳችኋል። ደመናው የት ላይ እንደሚያልቅ በዓይንህ ታየዋለህ።

ዳዊት
ተባረኩ። ለባለቤቴ ባቡሩን ስነግራት «መጀመሪያውኑ በባቡር አንሄድም ነበር?» አለችኝ፣ መልስ የለኝም። ትኬት እየቆረጥኩ ነው። ሎሺን ለሌላ ጊዜ።

ጋሽ በቀለ
ጎሽ! ለክለቡ ግን ዛሬውኑ ደውልና እሑድ አየሩ ካልተከፈተ ሰኞ ወይም ማክሰኞ እንደምትመልስ ንገራቸው። ቅዳሜ ማታ ከምትለምናቸው አሁን ይሻላል፣ ቀጥሎ የተከራየውም ሰው ይዘጋጅበታል። ከኢንስብሩክ ወደ ሰሜን መውጣትም ተራራ አለበት። በኢን ወንዝ ሸለቆ በኩፍሽታይን አድርገህ ውጣ፣ በዜፌልድ ተራራ ማለፊያ አቋርጬ ልሂድ እንዳትል።