አደጋ ቦታ ላይ የሚያዘው ማን ይሁን፣ አስተዳዳሪው ወይስ ባለሙያው?

የድንገተኛ ክፍል ነርስ፦
ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የደረሰው የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ነጥቆናል። ብዙዎቹ ያለቁት የተቀበሩትን ለማውጣት ተሰብስበው በእጃቸውና በአካፋ ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ ወርዶባቸው ነው፤ ከእነርሱም መካከል የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ነበሩበት። ሰው ሊያድኑ ሄደው የቀሩ ናቸውና ክብር ይገባቸዋል፤ ማንንም ልወቅስ አልተነሣሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማይለቀኝ ጥያቄ ግን አለ፦ በየቀበሌያችን «ከዚህ ዳገት ሥር ውጡ» ብሎ ማዘዝ ሥራው እንደሆነ አስቀድሞ የተነገረው ሰው አለን? የእኔ አቋም በአደጋ ቦታ የሚያዘው ሰው በሹመቱ ሳይሆን በሥልጠናው ይሰየም፣ ከጎኑም ሥራውን የማስቆም ሥልጣን ያለው ሌላ ሰው ይኑር የሚል ነው።

የወረዳ አስተዳደር ባልደረባ፦
እኅቴ፣ ሐዘንዎን እጋራለሁ፤ በአቋምዎ ግን አልስማማም። በእኛ አገር መኪናውን፣ ሚሊሻውን፣ ነዳጁንና ከጎረቤት ወረዳ የሚመጣውን ዶዘር በአንድ ስልክ ማንቀሳቀስ የሚችለው አስተዳዳሪው ነው። ባለሙያው ስለ ናዳ ቢያውቅም መጋዘን የሚያስከፍት ፊርማ የለውም፤ ሕዝቡም የሚሰማው የሚያውቀውን ሰው ነው። ጥፋት ቢደርስ የሚጠየቀው አስተዳዳሪው ሆኖ ሳለ ትእዛዙን ለሌላ መስጠት አመራሩን ለሁለት መክፈል ይሆናል።

ጡረታ የወጡ የእሳት አደጋ መኮንን፦
ሁለታችሁም የምትሉት እውነት አለው፤ ነገር ግን «ትእዛዝ» የምንለው ነገር አንድ ዓይነት አይደለም። በጎርጎርሳውያኑ 1970 በካሊፎርኒያ ለ13 ቀናት የነደደው ሰደድ እሳት 16 ሰዎችን ገድሎ ከ700 በላይ ሕንፃዎችን ሲያወድም፣ ሊያጠፉ የመጡት መሥሪያ ቤቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አለቃ፣ የየራሳቸው አጠራርና እርስ በርስ የማይገናኝ ሬዲዮ ነበራቸው። ዛሬ ኢንሲደንት ኮማንድ (የአደጋ ቦታ አመራር) የሚባለው አሠራር የተወለደው ከዚያ ችግር ነው። ሥራው በ5 ይከፈላል፤ ማዘዝ፣ መስክ ላይ መሥራት፣ መረጃ ሰብስቦ ማቀድ፣ ቁሳቁስና ስንቅ ማቅረብ፣ ወጪን መመዝገብ። አንድ አለቃ በቀጥታ የሚመራው ከ3 እስከ 7 ሰው ነው፤ እያንዳንዱ ሠራተኛም የሚታዘዘው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። አደጋው ትንሽ ሲሆን አምስቱንም አንድ ሰው ሊይዛቸው ስለሚችል፣ ቀበሌ ይህን ለመጀመር አዲስ ቢሮ አያስፈልገውም።

አስተዳዳሪውም ቦታውን አያጣም። ምን ይቅደም፣ ምን ያህል ይውጣ የሚለውን የሚወስነው እርሱ ነው፤ የመስኩን ትእዛዝ ግን በጽሑፍ ለሠለጠነው ሰው ይወክላል። ከአዛዡ አጠገብ የሥራ ላይ ደኅንነት ኃላፊ ይቆማል፤ በእኛ ዘንድ «ደኅንነት» ሲባል ሰው ሌላ መሥሪያ ቤት ስለሚያስብ «የጥንቃቄ ኃላፊ» ብንለው እመርጣለሁ። ይህ ሰው ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ካየ፣ አዛዡን ማስፈቀድ ሳይጠበቅበት ሥራውን በቦታው ያስቆማል።

የገጠር መምህር፦
እኔ የማስተምረው ዳገታማ አገር ነው። ናዳ በወረደ ጊዜ መንገዱ ራሱ ስለሚቆረጥ ከከተማ ቶሎ የሚደርስ የለም፤ ሊቆፍር የሚሮጠው የተቀበረው ሰው ወንድም፣ አማችና ጎረቤት ነው። ልጇ ከጭቃው ሥር ያለባትን እናት «ቆይ፣ መጀመሪያ ዳገቱ ይታይ» የሚላት ማን ነው? ቢላትስ ትሰማዋለች?

የድንገተኛ ክፍል ነርስ፦
መምህር፣ ከሁሉም የከበደኝ የእርስዎ ጥያቄ ነው። ማስቆም ማለት ግን ጥሎ መሄድ አይደለም። ሁለት ሰዎች ፊሽካ ይዘው ዳገቱን ማየት ከሚችሉበት ደኅና ቦታ ሆነው አዲስ ስንጥቅ፣ የሚያዘነብል ዛፍ፣ በድንገት የሚደፈርስ ምንጭ ይከታተላሉ፤ ቆፋሪዎቹ ጥቂት ሆነው በፈረቃ ይገባሉ፤ በየት እንደሚሸሹ አስቀድሞ ይነገራቸዋል፤ የገባውና የወጣው ስም ይመዘገባል። የቀረው ሕዝብ ራቅ ብሎ ተራውን ይጠብቃል። እናቲቱን በተመለከተ ዕድራችንን እናስብ፤ ድንኳን የሚተክለው፣ ውሃ የሚቀዳው፣ መዝገብ የሚይዘው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ሐዘንተኛውን መቃብር ቆፍር የሚለው የለም። ድርሻ መከፋፈልን ከባዕድ የምንማረው አይመስለኝም።

ለወረዳው ወንድሜ ደግሞ ያየሁትን ልንገርዎት። በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል የአውቶቡስ አደጋ ተጎጂዎች በአንድ ጊዜ ሲደርሱን፣ የሕክምና ዳይሬክተሩ፣ ተረኛው ሐኪምና ከከተማ አስተዳደር የመጡ አንድ ኃላፊ በአንድ ኮሪደር ሦስት የተለያየ ትእዛዝ ሰጡን፤ ደም የሚፈሰው ልጅ ወዴት እንደሚወሰድ እስኪወሰን ድረስ አልጋው ኮሪደር ላይ ቆመ። ሦስቱም ደግ ሰዎች ነበሩ። በአንጻሩ ናይጄሪያ በጎርጎርሳውያኑ 2014 ኢቦላ ሌጎስ በገባባት ጊዜ፣ ለፖሊዮ ካቋቋመችው የማስተባበሪያ ማዕከል ልምዱንና ሰዎቹን አምጥታ አንድ ባለሙያ የምላሹ አስተባባሪ አድርጋ ሰየመች፤ ያን ያህል ሕዝብ በተጨናነቀበት ከተማ የገባው በሽታ በ20 ሕሙማንና በ8 ሟቾች ተገታ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን የማነሣው ለዚህ ነው።

የወረዳ አስተዳደር ባልደረባ፦
የውክልናው ደብዳቤ ክረምት ሳይገባ፣ በግንቦት ይፈረም፤ ቅጂው በቀበሌው፣ በፖሊስና በጤና ኬላው ይቀመጥ የሚባል ከሆነ እቀበላለሁ። የጥንቃቄ ኃላፊው ግን ከወረዳ የሚላክ ባይተዋር አይሁን፤ ዳገቱን ከልጅነቱ የሚያውቅ፣ ፊሽካውን ሲነፋ ሕዝቡ ቀና ብሎ የሚያየው የቀበሌው ነዋሪ ይሁን። ይህን ሰው ማን ይመርጠዋል በሚለው ላይ የመኮንኑንና የመምህሩን ሐሳብ መስማት እፈልጋለሁ።