ክርክር፦ መሥራቾቹ ሁሉ የወጡበት ሹጋቤብስ አሁንም ሹጋቤብስ ነበር?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው የጀመርነውን የእንግሊዝ ሴት ዘፋኞች ቡድኖች ወሬ ዛሬ በሹጋቤብስ እንቀጥል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለማያውቃቸው ባጭሩ፦ ቡድኑ በ1998 ለንደን ውስጥ ተመሠረተ። ሦስት ታዳጊዎች ነበሩ፤ ሺቮን ዶናጊ፣ ሙትያ ብዌና እና ኪሻ ቡካናን። በ2000 «ኦቨርሎድ» የተባለው ዘፈናቸው በእንግሊዝ የዘፈን ሽያጭ ሰንጠረዥ 6ኛ ወጣ። በ2001 ሺቮን ጃፓን ውስጥ ለሥራ እንደሄዱ ቡድኑን ተወች። በቦታዋ ሃይዲ ሬንጅ ገባች። በ2005 መጨረሻ ሙትያ ወጣች፣ አሜል ቤራባ ገባች። ሴፕቴምበር 2009 ደግሞ ኪሻ ወጣችና ጄድ ዩወን ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመሥራቾቹ አንዲትም የለችም። ስሙ ግን እስከ 2011 ቀጠለ።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ኪሻ ስትወጣ ስሙ አብሮ መቆም ነበረበት። ይህ ቡድን በጭፈራ ወይም በመልክ የታወቀ አይደለም። የታወቀው በሦስት ድምፅ ነው። የሙትያ ወፍራምና ሻከር ያለ ድምፅ ከታች፣ ኪሻ ከላይ፣ ሌላዋ መሃል። አንዷን ስታነሱ ዜማው ይቀራል፣ ቅንብሩ ግን ሌላ ይሆናል። አንዴ ሲሆን ይቻላል። ሦስቱንም ከቀየራችሁ በኋላ ግን አድማጩ የሚገዛው ምንድን ነው?

ሰንጠረዥ ተመልካች፦ ወንድሜ፣ ስሜቱ ይገባኛል፤ ቁጥሩ ግን ሌላ ነው የሚለው። ሹጋቤብስ በእንግሊዝ ስድስት ጊዜ አንደኛ ወጥተዋል። መጀመሪያ በ2002 «ፍሪክ ላይክ ሚ»፣ የመጨረሻው በ2007 «አባውት ዩ ናው»። በስድስቱም ላይ ሃይዲ አለች። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ልጆች አብረው በእንግሊዝ አንድም ቀን አንደኛ አልወጡም። እንዲያውም ከመጀመሪያው አልበም በኋላ የሙዚቃ ኩባንያቸው ለቋቸዋል። ቡድኑን ከሞት ያስነሳችው ተተኪዋ ናት። ታዲያ «እውነተኛው ሹጋቤብስ» የምትሉት የትኛውን ነው?

አወያይ፦ ጥሩ ነጥብ ነው፣ ግን አጨራርሰው። በስድስቱም ላይ ኪሻም አለች። ኪሻ ከወጣች በኋላ ስንት አንደኛ ወጣ? ዜሮ። በ2010 የወጣው አልበማቸው 14ኛ ላይ ቆመ። ከዚያ በፊት ግን ሰው እየተቀያየረም ቢሆን ክሩ አልተበጠሰም ነበር።

ከለንደን፦ እኔ በዚያ ዘመን እዚሁ ተማሪ ነበርኩ። የ2009ኙ ነገር እንዴት እንደተወራ በደንብ አስታውሳለሁ። ጋዜጦቹ ሁሉ ጥፋቱን ኪሻ ላይ ነበር የጣሉት። ሴትየዋ ግን ያኔውኑ መውጣቱ የእሷ ምርጫ እንዳልሆነ ተናግራለች። በ2020 ደግሞ በቪዲዮ ወጥታ ጥቁር ሴት በመሆኗ ብቻ «ቁጡና አስቸጋሪ» የሚል ስም እንዴት እንደተለጠፈባት ዘርዝራ አወራች። እባካችሁ ይህን ሳናይ ስለ ሰንጠረዥ ብቻ አናውራ። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያቋቋመችውን ቡድን ነው የተነጠቀችው። ሺቮንም ብትሆን ስትወጣ ለሕዝብ የተነገረው ሌላ ነው፤ እሷ ግን ቆይታ በድብርት ትሰቃይ እንደነበር ተናግራለች። ልጆች ነበሩ! አዋቂ የሚባል ሰው አጠገባቸው አልነበረም ወይ?

የውል ሰው፦ እህቴ፣ ያልሽው ያሳዝናል፤ እኔም አልቃወምም። ጥያቄው ግን የስም ነው። የቡድን ስም የንግድ ምልክት ነው። ገንዘብ ያወጣው፣ ኮንሰርት ያስያዘው፣ ውል የፈረመው ወገን አንዲት ዘፋኝ በወጣች ቁጥር ሱቁን ይዝጋ? ባክስ ፊዝ የሚባለውን የእንግሊዝ ቡድን ተመልከቱ። በ1981 ደብሊን ላይ ዩሮቪዥን የተባለውን የአውሮፓ አገሮች የዘፈን ውድድር ያሸነፉት አራቱ አባላት ናቸው። በኋላ ሦስቱ የዘፈኑት «ዘ ፊዝ» በሚል ስም ነው፤ ምክንያቱም ሙሉውን ስም የአራተኛው አባል ወገን ይዞት ነበር። ሕጉ ድምፅ አይሰማም፣ ወረቀት ነው የሚያየው።

አወያይ፦ የሕጉን ማን ካደ? እኛ የምንከራከረው ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም በሚለው ላይ ነው። የባክስ ፊዝ ምሳሌህም ለእኔ ነው የሚሠራው። ራሳቸው የዘፈኑትን ሰዎች የራሳቸውን ስም ማሳጠር ውስጥ የከተተ አሠራር ትክክል ነው ትለኛለህ?

ሌላም ልጨምር። በ2005 የወጣው አልበማቸው ከሙትያ ድምፅ ጋር ነበር ለገበያ የቀረበው። አንደኛም ወጥቷል። ሙትያ ስትወጣ በ2006 አልበሙ እንደገና ታተመ፤ አንዳንዶቹ ዘፈኖች ላይ የእሷ ድምፅ ተነስቶ የአሜል ገባ። ሰው ገዝቶ ቤቱ ያስገባው ዘፈን ላይ! እዚህ ላይ ነው ለእኔ ነገሩ የተበላሸው። ዘፋኟ እንደ መለዋወጫ ዕቃ ከተቆጠረች በኋላ የ2009ኙ የሚያስገርም አልነበረም።

ሰንጠረዥ ተመልካች፦ አሜል ምን አጠፋች? ሥራ ተሰጣት፣ ሠራች። «አባውት ዩ ናው» ከእሷ ጋር አራት ሳምንት አንደኛ ነበር። ጄድም በዩሮቪዥን 5ኛ ወጥታ የመጣች ጎበዝ ድምፃዊት ናት። በእነዚህ ልጆች ላይ የወረደው ስድብ ዛሬም ያናድደኛል።

ከለንደን፦ እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ተተኪዎቹን አልወቅስም።

ዝም ብዬ አድማጭ፦ ቆይ፣ ማንም ያላነሳው ነገር አለ። በ2012 ሦስቱ መሥራቾች ሲታረቁ ስሙ እጃቸው ላይ ስላልነበረ «ሙትያ ኪሻ ሺቮን» ብለው መጡ። በ2013 ያወጡት ዘፈን ተቺዎች ወደውታል፤ በሰንጠረዡ ግን 50ኛ ላይ ቀረ። አልበሙም ሳይወጣ ቀረ። በ2019 ስማቸውን አስመለሱ። በ2022 ያው የቆየ አልበም በሹጋቤብስ ስም ወጣ። በዚያው ዓመት ግላስተንበሪ በሚባለው ትልቅ የእንግሊዝ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ሲዘፍኑ ሰው ከመብዛቱ የተነሳ አካባቢው ተዘጋ። በ2023 ደግሞ ኦቱ አሬና የሚባለው የለንደን ግዙፍ አዳራሽ ገቡ። ሦስቱ ሴቶች ያው ናቸው። ድምፁም ያው ነው። የተለየው ስሙ ብቻ ነው።

ስለዚህ አወያይ፣ «ዋናው ድምፁ ነው» የምትለው አይዘልቅም። በ2013 ድምፁ ነበር፣ ሕዝብ ግን አልመጣም።

አወያይ፦ በ2013 ሕዝቡ ያልመጣው እነሱ መሆናቸውን ስላላወቀ ነው። ስማቸው ሌላ ሰው ጋ ነበር! ስሙን ከድምፁ መለየት ሁለቱንም ጎዳ። ስሙን የያዘው ወገን በ2011 ሥራ አቆመ። ድምፁን የያዙት 50ኛ ላይ ቀሩ። ሁለቱ ሲገናኙ ነው አሬና የሞላው። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ላምጣ?

የውል ሰው፦ እሺ፣ ሃይዲስ? አሥር ዓመት በሙሉ በዚያ ቡድን ውስጥ ነበረች። ከሺቮን የመጀመሪያ ቆይታ ጋር አወዳድር። ስድስቱም አንደኛ ዘፈኖች ላይ ድምፅዋ አለ። ዛሬ መድረክ ላይ እነዚያን ዘፈኖች የምትዘፍነው ግን ሺቮን ናት። ስሙ የዘፋኞቹ ነው ካልክ፣ የሃይዲ ድርሻ የት ገባ?

አወያይ፦ የሃይዲን አልክድም። አሥር ዓመት የሠራች ሰው ስሙ ላይ መብት ሊኖራት ይገባል፤ አሜልም በድርሻዋ። እኔ የምቃወመው ከመድረክ ጀርባ ያለ ሰው ብቻውን ማን ይግባ ማን ይውጣ ብሎ እንዲወስን ነው። በ2009 ኪሻ፣ ሃይዲና አሜል ስሙን በጋራ ይዘውት ቢሆን ኖሮ፣ አንዷን ለማስወጣት ከእሷ ጋር ተቀምጦ መነጋገር፣ ድርሻዋንም መክፈል ግድ ይሆን ነበር። የውል ሰው፣ አንተ ውሉን ታውቃለህና ንገረኝ፦ እንዲህ ያለ አንቀጽ መጻፍ ምን ይከለክላል?