ቀጣዩ ስማርት ሰዓታችሁ ምን ቢኖረው ትገዙታላችሁ?

የግራ እጅ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። አራት ዓመት ሙሉ ከእጄ ያልተለየ ስማርት ሰዓት አለኝ። አዲስ ሳለ ጠዋት ቻርጅ አድርጌው ብወጣ እስከ ማግስቱ ጠዋት ይቆይልኝ ነበር፤ አሁን ግን ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ቀዩ ምልክት ይመጣል። ባለፈው ሳምንት እየሮጥኩ ሳለ አሥረኛው ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ድርግም ብሎ ጠፋና የሮጥኩት ሁሉ ሳይመዘገብ ቀረ። ወደ ጥገናም ወስጄው ነበር፤ ባለሙያው አገላብጦ ካየው በኋላ «ስክሪኑ በሙጫ የተጣበቀ ስለሆነ ስከፍተው ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ኃላፊነቱን ከወሰዱ እሞክረዋለሁ» አለኝ። ድፍረቱን አጣሁና ይዤው ተመለስኩ።

ስለዚህ አዲስ መግዛቴ የሚቀር አይመስለኝም። የቸገረኝ ምርጫው ነው። በየዓመቱ የሚወጡትን ሞዴሎች ሳነጻጽር ስክሪኑ ትንሽ ሰፋ፣ ብርሃኑ ትንሽ ጨመረ፣ አንድ አዲስ መለኪያ ታከለበት ከመባሉ በቀር እኔ በየቀኑ የምቸገርበትን የሚነካ ለውጥ አላገኘሁም። የእኔ ፍላጎት ቀላል ነው፦ አራት ቀን የሚቆይ ባትሪ ይኑረው፣ እንቅልፌንና ሩጫዬን በትክክል ይመዝግብልኝ፣ ከአራት ዓመት በኋላም የሚጣል አይሁን። እናንተስ ከሚቀጥለው ትውልድ ሰዓት የምትፈልጉት ምንድን ነው? ነገሩ በቅርቡ ይመጣል ብላችሁ ታስባላችሁ ወይስ እየጠበቅሁ ጊዜዬን ባላባክን ይሻላል?

ሁለት ቻርጀር

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከፍላጎቶችዎ ሁሉ አስቀድመው ባትሪውን መጥራትዎ አልደነቀኝም፤ እኔም አንዱን ቻርጀር በቤት ሌላውን በሥራ ቦታ ያኖርኩት በዚሁ ምክንያት ነው። አፕል የመጀመሪያውን ሰዓቱን እ.ኤ.አ. በ2015 ለገበያ ሲያቀርብ እስከ 18 ሰዓት ይቆያል ብሎ ነበር፤ በ2024 የወጣው ሲሪስ 10ም የተዋወቀው በዚያው በ18 ሰዓት ነው። ቀኑ 24 ሰዓት ሆኖ ሳለ ሰዓቱ ግን የ18 ሰዓት ሰዓት መሆኑ በእኛ ቋንቋ ሲነገር ይበልጥ ያስቃል። ከአንድ ዓመት በኋላ የመጣው ሲሪስ 11 ደግሞ 24 ሰዓት ደርሷል፤ ይህም ማለት አንድ ሙሉ ቀን ለመሙላት አሥር ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

መሐንዲሶቹ ግን ተኝተው አልነበረም። በሰዓት ሆድ ውስጥ የሚገባው ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከስልክ ባትሪ አንድ አሥረኛውን እንኳ የማይሞላ ሲሆን፣ በተሻለ ፕሮሰሰር የሚገኘውን ቁጠባ ደግሞ ሁልጊዜ የሚበራው ስክሪን፣ አዲሱ ሴንሰርና የተጨመረው ብርሃን ተካፍለው ይጨርሱታል። አምራቹ ያተረፈውን ኃይል በቀን ቆጥሮ ለእኛ ከመመለስ ይልቅ ለማስታወቂያ በሚመች ነገር ይመነዝረዋል።

ሌላ መንገድ እንደነበረ ግን ታይቷል። ፔብል የተባለው ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2012 ገና ሳይመረት ከ68 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ቀድመው ከፍለውበት ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቧል። ስክሪኑ ከውጭ የሚመጣውን ብርሃን የሚያንጸባርቅ በመሆኑ ፀሐይ በበረታ ቁጥር ይበልጥ ይነበብ ነበር፤ ባትሪውም ለአንድ ሳምንት ያህል ይቆይ ነበር። ኩባንያው በ2016 ንብረቱን ፊትቢት ለተባለ ሌላ አምራች ሸጦ ከገበያ ወጣ፤ ፊትቢትን የጠቀለለው ጉግል በ2025 መጀመሪያ የሰዓቱን የሶፍትዌር ኮድ ለሕዝብ ክፍት ሲያደርግ ግን ያንን ሰዓት ከእጃቸው ያላወለቁ ሰዎች አሁንም ነበሩ። በእኔ ግምት ገዢ ምን እንደሚፈልግ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መጠይቅ አይገኝም።

ከአሁኖቹ መካከል ተስፋ የሚሰጠኝ ሥራውን ለሁለት ፕሮሰሰር የማከፋፈል ዘዴ ነው። አንዱ ሰዓት መንገርና እርምጃ መቁጠርን የመሰለውን ቀላል ሥራ በጥቂት ኃይል ያከናውናል፤ ትልቁ የሚነቃው ካርታ ወይም ሌላ ከባድ ነገር ሲከፈት ብቻ ነው። ዋንፕላስ በ2024 ያወጣው ዎች 2 በዚህ ዘዴ እስከ 100 ሰዓት እንደሚቆይ ተነግሮለታል፤ ይህም እርስዎ ከሚሉት አራት ቀን ትንሽ የሚበልጥ ነው።

እንቅልፍን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ቀን አድርጉት፣ ሌሊትም ሳታወልቁ ተኙበት ከተባልን በኋላ ቻርጅ የምናደርገው መቼ እንደሆነ የሚነግረን የለም። እኔ ጠዋት ገላዬን ስታጠብና ስለብስ ቻርጀሩ ላይ አኖረዋለሁ፤ በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ለቀኑ የሚበቃውን የማይሞላ ሰዓት ከእንግዲህ አልገዛም።

የሌሊት ተረኛ

በሙያዬ ነርስ ስለሆንኩ ሌላውን ለሌሎች ትቼ ጥያቄዎ ውስጥ «በትክክል ይመዝግብልኝ» ባሉት ቃል ላይ ላተኩር።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ጎልማሳ በውድቅት ሌሊት እየሮጡ መጥተው የእጅ አንጓቸውን ዘረጉልኝ። ሰዓታቸው የልብ ምታቸው 180 መድረሱን አሳይቷቸው ነበር። ጣቶቼን አሳርፌ አንድ ሙሉ ደቂቃ ብቆጥር 84 ሆነ። ማሰሪያውን ሳየው በሰዓቱና በቆዳቸው መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበረ፤ ደረጃ ሲወጡ ሰዓቱ ወዲያ ወዲህ እየተንሸራተተ የለካው የእጃቸውን ውዝዋዜ ነበር ለማለት እደፍራለሁ። እኚህ ሰው ያን ሌሊት ያጡት እንቅልፍ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ የሰዓቱን ማስጠንቀቂያ ጨርሰው አጠፉት።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሰዓቱ ጀርባ የሚብለጨለጨው አረንጓዴ ብርሃን ቆዳ ውስጥ ይገባል፤ ደም አረንጓዴ ብርሃንን አብዝቶ ስለሚውጥ ልብ በመታ ቁጥር ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን በትንሹ ይቀንሳል፤ ሰዓቱ የሚቆጥረው ያንን መቀነስ ነው። ማሰሪያው ከላላ፣ እጅ ከቀዘቀዘና የደም ሥሮቹ ከጠበቡ ወይም አንጓው ላይ ንቅሳት ካለ ይህ ጥቃቅን ልዩነት ይደበዝዛል። ሩጫ ሲጀምሩ ማሰሪያውን ከአንጓዎ አጥንት ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርገው ቢያጠብቁት ሰዓት ሳይቀይሩ ልኬትዎ ይሻሻላል።

ይህን የምለው ቴክኖሎጂውን ለማጣጣል አይደለም። በሌላው እጅ ጣት ሲነኩት የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚቀርጸው ሰዓት ከ2018 ጀምሮ ይገኛል። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ419,297 ሰዎች ላይ ያካሄደውና ውጤቱ በ2019 የታተመው ጥናት ደግሞ የተዛባ የልብ ምት ማስጠንቀቂያ የደረሳቸው ተሳታፊዎች 0.52 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል፤ ማለትም ሰዓቱ በየሰዉ ላይ አልጮኸም። ከእነዚያ መካከል የደረት ላይ መመርመሪያ ለጥፈው ከመለሱት ሰዎች 34 በመቶ ያህሉ ላይ የልብ ምት መዛባቱ ተረጋግጧል። ይህ ቁጥር ከአንድ ወገን ሲያዩት የሰዎችን ሕይወት ሊያተርፍ የሚችል ነው፤ ከሌላው ወገን ደግሞ ማስጠንቀቂያ ሁሉ ምርመራ እንዳልሆነ ይናገራል።

ችግር የሚጀምረው ሻጮች ከዚህ አልፈው ቃል ሲገቡ ነው። የደም ግፊትን በብርሃን ብቻ የሚገምቱት የሳምሰንግ ሰዓቶች ክንድ ላይ በሚታሰረው መደበኛ መለኪያ በየ28 ቀኑ መስተካከል አለባቸው። የሁዋዌ ዎች ዲ ግን በማሰሪያው ውስጥ በአየር የሚነፋ ከረጢት ስላለው አሠራሩ እኛ ከምናውቀው መለኪያ ጋር ይዛመዳል፤ ወፈር ብሎ መታየቱም ለዚህ ነው። ቆዳ ሳይወጋ የደም ስኳርን እለካለሁ የሚል ሰዓት ካጋጠማችሁ ደግሞ አትግዙት፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በየካቲት 2024 ለዚህ ተግባር ፈቃድ የሰጠው አንድም ሰዓት ወይም ቀለበት እንደሌለ አስጠንቅቋል። የስኳር ሕመምተኛ በተሳሳተ ቁጥር ተመርቶ ኢንሱሊን ቢወስድ የሚደርስበትን አደጋ መዘርዘር አያስፈልገኝም።

እኔ ከሚቀጥለው ትውልድ የምፈልገው አዲስ መለኪያ ሳይሆን ሐቀኝነት ነው። ሰዓቱ ምልክቱ ሲደበዝዝበት አንድ ቁጥር ፈልጎ ከማሳየት ይልቅ «ይህን ልኬት አላመንኩበትም፤ ማሰሪያውን አጥብቀው እንደገና ይሞክሩ» ቢል፣ ያን ሌሊት የመጡት ሰው በቤታቸው ይተኙ ነበር። ከዚያ ቀጥሎ የሦስት ወር መረጃን ለሐኪም በአንድ ገጽ የሚያወጣ ሰዓት ቢኖር እወዳለሁ። በተረኝነት ላይ ያለ ባለሙያ የሌላ ሰው ስልክ ተቀብሎ አርባ ግራፍ የሚያገላብጥበት ጊዜ የለውም።

ዝምተኛው

የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። ጣቴ ሲረጥብ ስክሪኑ አይታዘዘኝም፣ ጓንት ሳደርግም እንዲሁ፤ ስለዚህ ሁለት የሚጫኑ እውነተኛ ቁልፎች ያስፈልጉኛል። ማሳወቂያም ከሦስት ሰዎች ብቻ እንዲደርሰኝ ማድረግ ስፈልግ ስድስት ምናሌ ውስጥ መግባት የለብኝም። ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን የራሴን ቋንቋ ፊደል የማያውቀው ሰዓት ነው፤ እጄ ይነዝራል፣ ቀና ብዬ ሳይ ተደርድረው የሚጠብቁኝ ባዶ ሳጥኖች ናቸው፣ ከዚያም ስልኬን ከኪሴ አወጣለሁ። ስልኬን ላላወጣ ነበር እኮ ሰዓቱን የገዛሁት።

ጥቃቅን ብሎን

እኔ ከሚጠግኗችሁ ወገን ነኝ፤ ማለቴ እናንተን ሳይሆን ሰዓቶቻችሁን። ጠያቂው ባትሪውንና ዕድሜውን እንደ ሁለት የተለያዩ ፍላጎቶች ጠቅሰዋል፤ እኔ ግን አንድ ፍላጎት ናቸው እላለሁ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። አፕል የሰዓቶቹ ባትሪ ከ1,000 ሙሉ ዙር (አንድ ዙር ማለት የባትሪውን ሙሉ አቅም አንድ ጊዜ ተጠቅሞ መጨረስ ነው) በኋላ ከመነሻ አቅሙ እስከ 80 በመቶ እንዲይዝ ተደርጎ እንደተሠራ ይገልጻል። ሌሎችም እንደዚያው ይሁኑ ብለን በልግስና እንውሰድ። በየቀኑ አንድ ሙሉ ዙር የሚጨርስ ሰዓት 1,000 ዙር የሚሞላው ሦስት ዓመት ሳይደርስ ነው። የእርስዎ ሰዓት በአራት ዓመት 1,460 ዙር ገደማ ሄዷል፤ ስለዚህ አልተበላሸም፣ አርጅቷል እንጂ። ባትሪው አራት ቀን የሚቆይ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ የሚሄደው 365 ዙር ብቻ ነበር፤ 1,000 ለመሙላትም አሥራ አንድ ዓመት ሊጠጋ ነው። ባትሪ በጊዜ ብቻም እንደሚደክም ባውቅም ልዩነቱ ግን ይኸን ያህል ነው። ብዙ ቀን የሚቆይ ሰዓት ብዙ ዓመትም ይቆያል፤ ይህን በማስታወቂያ ላይ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

ሙጫውን በተመለከተ የሚሰጠው ምክንያት ውኃ ነው፤ ሰዓቱ ውኃ እንዳያስገባ መጣበቅ አለበት ይባላል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። የጠላቂዎች ሜካኒካል ሰዓት ስማርት ሰዓት ከመፈጠሩ ከብዙ ዓመታት በፊት በጎማ ቀለበት ታሽጎና በጥርስ በሚጠብቅ ክዳን ተዘግቶ ወደ ጥልቅ ባሕር ሲወርድ ኖሯል፤ በሚከፈትበትም ቀን ሰዓት ሠሪው ቀለበቱን ቀይሮ መልሶ ይዘጋዋል። ጉግል በ2025 ያወጣው ፒክስል ዎች 4 በብሎን እንዲፈታና ባትሪውና ስክሪኑ እንዲቀየሩ ሆኖ መሠራቱ ነገሩ የማይቻል እንዳልነበረ ያሳያል። የአውሮፓ ኅብረት የባትሪ ደንብም ከየካቲት 2027 ጀምሮ በመሣሪያ ውስጥ ያለ ባትሪ በተጠቃሚው ሊወጣ እንደሚገባ ይደነግጋል። ውኃ ለሚነካቸው አንዳንድ ዕቃዎች ግን ባለሙያ ብቻ እንዲያወጣው የሚፈቅድ ልዩ ሁኔታ አለው፤ ሰዓት ሠሪዎች በዚያች ቀዳዳ ለመሹለክ መሞከራቸው አይቀርም ብዬ እገምታለሁ። ቢሾልኩም እንኳ እኔ እንድከፍተው መፍቀዳቸው ከአሁኑ ይሻላል።

ማንም ያላነሳው አንድ ጉዳይ ቀርቷል፤ ከስልክ ጋር መታሰሩ። የአፕል ሰዓት ከአይፎን ውጭ ከሌላ ስልክ ጋር አይሠራም፤ የሳምሰንግ ሰዓቶችም ከ2021ዱ ጋላክሲ ዎች 4 ጀምሮ አይፎንን አይቀበሉም። ስልካቸውን ቀይረው ደህና ሰዓት መሳቢያ ውስጥ የጣሉ ደንበኞች በየጊዜው ያጋጥሙኛል። ስለዚህ ጠያቂው ሰዓት ከመምረጣቸው በፊት ቀጣዩ ስልካቸው የትኛው እንደሆነ ቢወስኑ መልካም ነው፤ ነገሩ ፈረሱን ትቶ በኮርቻው መጀመር ቢመስልም።

የግራ እጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የ1,460ው ስሌት ሰዓቴን በሌላ ዓይን እንዳየው አድርጎኛል፤ ተበላሽቶብኛል እያልኩ ስወቅሰው የነበረው ዕቃ ከታሰበለት በላይ አገልግሎኛል ማለት ነው። ማሰሪያውንም እንደተባልኩት ከፍ አድርጌ አጥብቄ ዛሬ ጠዋት ሮጥኩ፤ በየጊዜው ያለ ምክንያት ሽቅብ የሚዘለው የልብ ምት መስመር ዛሬ እስከ መጨረሻው ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ማለቴ ነው።

አዲስ ከገዛሁ ከአራት ቀን በታች የሚቆይ ወይም ባትሪው የማይቀየር ሰዓት አልገዛም፤ ሁለቱንም አሟልቶ ለስልኬ የሚሆን እስካገኝ ድረስ ልቆይ አስቤያለሁ። እስከዚያው አሮጌውን ምን ላድርገው?

ጥቃቅን ብሎን

ያስከፍቱት። ሙጫውን በሙቀት አለስልሶ በቀስታ የሚያነሳ፣ ከዚህ በፊት የዚያኑ ሞዴል ስክሪን የከፈተ ባለሙያ ይፈልጉ፤ ከሰዓቱ ዕድሜ ጋር የሚሄድ ባትሪ እንዳለውም አስቀድመው ይጠይቁት። ከተከፈተ በኋላ እንደ ቀድሞው ውኃ ይከላከላል ተብሎ ስለማይታመን ዋና ሲገቡ ያውልቁት። ስክሪኑ ቢሰነጠቅ እንኳ እኮ ሊጥሉት ያሰቡት ሰዓት ነበር።