ተለማማጅ ተማሪና የታካሚው ባህል

ጥያቄ፦ ጅማ ሆስፒታል ዎርድ (የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል) ላይ ተለማማጅ ተማሪ ለምትከታተሉ፦ አፋን ኦሮሞ የማይችል ተማሪ የታካሚ የሕመም ታሪክ ሲጠይቅ ምን ታደርጋላችሁ?

መልስ 1፦ በአስታማሚ አታስተርጉሙ፤ ስለ እርግዝና ወይም ኤችአይቪ ሲጠየቅ ታካሚዋ ልትደብቅ ትችላለች። ሌላ አስተርጓሚ ከጎኗ ይቀመጥ፤ ተማሪው ግን እሷን እያየ፣ አንድ በአንድ ይጠይቅ። «ገባዎት?» ዋጋ የለውም፤ መልሱ ብዙ ጊዜ «አዎ» ነው። «መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስዱ ይንገሩኝ» ይበል።

መልስ 2፦ ረመዳን ላይ ተማሪው ከስም ተነስቶ አይገምት፣ «ይጾማሉ?» ብሎ ይጠይቅ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው መጠኑና ሰዓቱ አስቀድሞ በሐኪም ካልተስተካከለ፣ ሳይበላ ተወግቶ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል።

መልስ 3፦ እናንተስ? አደጋ ከሌለ ተማሪውን ታካሚ ፊት አታርሙት። ኮሪደር ላይ «ምን ገመትክ? ከምን ተነስተህ?» በሉት። የራሳችሁንም ግምት ንገሩት፤ አለዚያ የፖሊስ ምርመራ ይመስለዋል።