ከአፈር ግድብ ግርጌ ውሃ እየመነጨ ነው፤ በዋልካ ይደፈን ወይስ ይተው?

የሆለታ እርሻ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሆለታ አካባቢ በግል እርሻ ላይ ያለ የአፈር ግድብ ነው። ከፍታው 6 ሜትር፣ ርዝመቱ 70 ሜትር፣ የአናቱ ስፋት 2.5 ሜትር። ኩሬው ሲሞላ 8,000 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ወደ እሱ የሚያፈሰው መሬት 60 ሄክታር ይሆናል። የትርፍ ውሃ ማስተንፈሻው 2 ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ሲሆን ብዙ ውሃ እንዲይዝ ተብሎ አፉ ላይ 40 ሳንቲም ድንጋይ ተደርድሯል። ከድንጋዩ እስከ ግድቡ አናት 60 ሳንቲም ይቀራል።

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በግድቡ ሥር አልፎ ውሃ የሚያወጣው 160 ሚሊ የፒቪሲ ቧንቧ በሚወጣበት ጎን፣ ከግርጌው ውሃ ይመነጫል። 20 ሊትር ጀሪካን በ50 ሴኮንድ ይሞላል። የቧንቧው ጌት ቫልቭ ዝጎ አይዞርም። ኩሬው አሁን ከድንጋዩ 1 ሜትር ዝቅ ብሎ ነው፣ ገና ሐምሌ ነው፣ ከታች 400 ሜትር ላይ ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች አሉ። በዋልካ አፈር ብደፍነው ይበቃል?

አፈርና ውሃ፦
ወንድሜ፣ እባክህ አትድፈነው። መውጫ ያጣ ውሃ ግድቡ ውስጥ ግፊት ይፈጥራል፤ ወይ ሌላ ደካማ ቦታ ፈልጎ ይወጣል፣ ወይ ግርጌውን አርሶ ያንሸራትተዋል። ጨርሶ ውሃ የማያሰርግ የአፈር ግድብ የለም። የሚያስፈራው ውሃው አብሮት ይዞት የሚወጣው አፈር ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ይህን አድርግ፦ በንጹህ የሃይላንድ ጠርሙስ ልክ ከሚመነጭበት ቦታ ቅዳና ሳትነካው አሳድረው። ጠዋት ታቹ ላይ ስስ ጭቃ ከተኛ አፈር እየታጠበ ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ጀሪካኑን በሰዓት ለካ፣ የኩሬውንም ከፍታ አብረህ ጻፍ። ኩሬው ሳይጨምር 50 ሴኮንዱ ወደ 35 ከወረደ ቀዳዳው እየሰፋ ነው ማለት ነው።

ከቧንቧው ጎን መሆኑ የታወቀ በሽታ ነው። ከክብ ቧንቧ ሆድ ሥር ሮለር አይገባም፣ አፈሩ ሳይጠቀጠቅ ይቀራል፣ ውሃውም ለስላሳውን ፒቪሲ ታክኮ ይወርዳል። አፈሩ የሚበላው ከግርጌው ተነስቶ ወደ ኩሬው ነው፤ ቀዳዳው ኩሬው ጋ ከደረሰ የሚቀረው የሰዓታት ጉዳይ ነው።

የሚሠራው ማጣሪያ ነው። በእርጥቡ ቦታ ላይ፣ ከዳሩም በየአቅጣጫው 1 ሜትር አልፎ፣ 30 ሳንቲም የታጠበ ሻካራ አሸዋ፣ በላዩ 20 ሳንቲም 01 ጠጠር፣ ከዚያ 02 ጠጠርና ክብደት የሚሰጥ ድንጋይ ይደረደራል። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ። ሬድ አሽ በቀጥታ አፈሩ ላይ አይደረግ፤ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ደቃቁን አፈር ያሳልፈዋል። ሥራው ሲያልቅ ውሃው መውጣቱን ይቀጥላል፣ ግን ጠርቶ።

ማስተንፈሻ፦
ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔን ግን ከምንጩ ይልቅ ያስደነገጠኝ 2 ሜትሩ ቦይ ነው። ሒሳቡን ይዩት። 60 ሄክታር ላይ በሰዓት 80 ሚሊ የሚያህል ዶፍ ቢወርድና 40 በመቶው ቢፈስ በሴኮንድ ወደ 5.3 ሜትር ኩብ ይመጣል። ባለ 2 ሜትሩ ቦይ ውሃው የግድቡ አናት ላይ ሲደርስ እንኳ የሚያስወጣው 1.6 ብቻ ነው። ድንጋዩ ቢነሳ 3.4 ይሆናል። የቀረው አናቱን ተሻግሮ ይሄዳል፤ የአፈር ግድብ ደግሞ ውሃ በአናቱ ሲሻገር አይችልም። ግማሽ ሜትር ፍሪቦርድ (ከውሃው ገጽ እስከ ግድቡ አናት ያለ ደረቅ ከፍታ) ለማስቀረት ቦዩ 9 ሜትር ስፋት ያስፈልገዋል፤ ያውም በተሞላ አፈር ላይ ሳይሆን በተፈጥሮ መሬት ተቆፍሮ፣ ወለሉ ተስተካክሎ፣ ሰርዶ ተተክሎበት።

ድንጋዩን ዛሬውኑ ያንሱት። ቦዩን ማስፋት ግን የጥቅምት ሥራ ነው፤ አሁን ቢቆፈር ሣር የሌለውን አፈር ጎርፉ ይወስደዋል። ታዲያ ክረምቱ እንዴት ይታለፍ? 50 ሚሊ ዝናብ በዚያው 40 በመቶ 12,000 ሜትር ኩብ ያወርዳል፤ ኩሬዎ ሞልቶ የሚይዘው ከ16,000 ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ዘንድሮ ባዶውን ይክረም። የበጋ መስኖ መጉደሉ ያሳዝናል፣ ቢሆንም ከታች ቤቶች አሉ። በ2018 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ ሶላይ ላይ የአንድ የግል እርሻ ግድብ በዝናብ ወቅት ማታ ተንዶ ከ40 በላይ ሰው ገድሏል።

የሆለታ እርሻ፦
ድንጋዩ ተነስቷል። ቫልቩ ካልዞረ ውሃው በምን ይውረድ? ከግድቡ በስተጀርባ ያሉት ባህር ዛፎችስ ይነቀሉ?

ሳይፈን፦
ቫልቩን በኃይል አያዙሩት፤ ቢሰበር ቧንቧው ተከፍቶ ይቀራል። በአናቱ ላይ ሳይፈን፣ ማለትም ውሃውን ስቦ አናቱን አሻግሮ ወደ ታች የሚያወርድ ቧንቧ፣ ይዘርጉ። 160 ሚሊ፣ ቢያንስ ፒኤን 6 (6 ባር ግፊት የሚችል) የሆነ ቧንቧ ያስፈልጋል፤ ስሱ በመሳቡ ይጨፈለቃል። መግቢያው ላይ ፉት ቫልቭ (ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዝ)፣ አናቱ ላይ ክዳን ያለው ቲ (ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ)፣ ታች መጨረሻው ላይ ጌት ቫልቭ ይግጠሙ። በቲው በኩል እስኪጥለቀለቅ ሞልተው ክዳኑን ያጥብቁ፣ ከዚያ የታችኛውን ይክፈቱ። አንድ መገጣጠሚያ አየር ካስገባ ይቋረጣል። መግቢያው ከውሃው ገጽ 1 ሜትር ዝቅ ይበል፤ መውጫውም ግርጌውን እንዳይሸረሽር አልፎ ድንጋይ ላይ ይፍሰስ።

በ40 ሜትር ርዝመትና በ3 ሜትር የከፍታ ልዩነት በሴኮንድ እስከ 50 ሊትር ይሰጣል። ይህ ዝናብ ከሌለ ኩሬውን በቀን ግማሽ ሜትር ያወርደዋል፣ ይበዛል። ቫልቩን ቀንሰው በቀን ከ30 ሳንቲም አያሳልፉ፤ ውሃው በፍጥነት ሲሸሽ ውስጡ እርጥብ የሆነው የኩሬው ወገን ተዳፋት ይንሸራተታል። ሆለታ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 7.7 ሜትር ውሃ ብቻ ነው የሚሸከመው፤ በተግባር ከአናቱ 5 ሜትር በታች ያለውን ውሃ ሳይፈኑ አይስበውም። የቀረውን በፓምፕ።

ከግርጌው የሚመነጨው ውሃ ግን አፈር ይዞ ሻይ መስሎ ከመጣ 30 ሳንቲሙን ይርሱት። መጀመሪያ የታች ሰዎች ከወንዙ ዳር ወደ ጎን፣ ወደ ከፍታ ይውጡ። ስልካቸውን ዛሬ ይያዙ፤ ሌሊት ዝናብ ሲጥል ባትሪ ይዞ ግርጌውን የሚያይ ሰው ይመደብ።

ባህር ዛፎቹ አሁን አይነቀሉ፤ ጉድጓዱ ውሃ ይጠጣል። በበጋ፣ ኩሬው ወርዶ ሳለ፣ ከ10 ሳንቲም የወፈረው ከነጉቶውና ከነሥሩ ወጥቶ ጉድጓዱ በ15 ሳንቲም ንብርብር እርጥብ አፈር እየተጠቀጠቀ ይሞላ። ተቆርጦ ብቻ ከተተወ ሥሩ በስብሶ የውሃ መንገድ ይሆናል። የፍልፈል ጉድጓድ ካለም እስከ መጨረሻው ተቆፍሮ እንዲሁ ይጠቅጠቅ። ያኔውኑ ከቧንቧው ርዝመት በመውጫው በኩል ያለው አንድ ሦስተኛ ዙሪያው ተከፍቶ በአሸዋ ማጣሪያ ይከበብ። በአዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት የውሃ ሥራ ግንባታ ፈቃድ ይጠይቃልና ሥራው ሳይጀመር የወረዳው ባለሙያ ቦታውን ቢያየው ጥሩ ነው።