አፕታውን ፈንክ፦ 17 በመቶው የሚገባ ክፍያ ነው ወይስ የምት ግብር?

አወያይ፦
ጥያቄው ይህ ነው። ማርክ ሮንሰን ከብሩኖ ማርስ ጋር በ2014 ያወጣው ነጠላ ዜማ «አፕታውን ፈንክ» በቢልቦርድ ሆት 100 ሰንጠረዥ ለ14 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ተቀምጧል (እዚህ የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ሲወጣ ደራሲዎቹ 6 ነበሩ። በ2015 የጋፕ ባንድን የ1979 ዘፈን «ኡፕስ አፕ ሳይድ ዩር ሄድ» የደረሱ 5 ሰዎች ተጨመሩና 11 ሆኑ፤ ከድርሰቱም 17 በመቶ ተሰጣቸው። ነገሩ ችሎት ሳይደርስ በስምምነት አለቀ። ክፍያው ይገባ ነበር ወይስ የአንድ ዘመን ድምፅ በጥቂት ሰዎች ስም ተመዘገበ? ሰውን ትታችሁ ሙዚቃውን ተከራከሩ።

ባለቤዝ፦
አይገባም። ዘፈኑን እንፍታው። ፍጥነቱ በደቂቃ 115 ምት ነው። ከሞላ ጎደል ዘፈኑን የተሸከሙት ሁለት ኮርዶች ናቸው፤ ዲ ማይነር ሰባትና ጂ ሰባት። መግቢያው ላይ በአፍ የተሠራ ቤዝ አለ፤ ከዚያ ክሩ እየታፈነ የሚመታ ጊታር ይገባል፤ ብራሱ (የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያው) እየጠራ ይመልሳል። በዚህ መንገድ ጄምስ ብራውን ሄዶበታል፣ ፕሪንስ ሄዶበታል፣ ዛፕም ጋፕ ባንድም ሄደውበታል። በኛ ቋንቋ ቅኝት ነው በሉት። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ባለቤት የላቸውም። በአንቺ ሆዬ የሠራ ሁሉ ቀድሞ ለዘፈነበት ይክፈል ብንል ስንት ዘፈን ይቀረን ነበር?

ቀለም ቆጣሪ፦
ወንድሜ፣ ቅኝቱን ማን ጠየቀ? የተጠየቀው ወደ መጨረሻው ተቀባዮቹ የሚደጋግሙት ሐረግ ነው። እንደ ግጥም ቀለሙን ቁጠረው። ኡፕስ፣ አፕ፣ ሳይድ፣ ዩር፣ ሄድ፤ 5 ቀለም። አፕ፣ ታውን፣ ፈንክ፣ ዩ፣ አፕ፤ 5 ቀለም። ሁለቱም በኅብረት ድምፅ ይባላሉ፤ ሁለቱም ያለ ለውጥ ይመላለሳሉ። እያጨበጨብክ አንዱን ጀምረህ በሌላው ጨርስ፤ ምቱ አያደናቅፍህም። አሁን ቤዙን አውጣው፣ ኮርዱን አውጣው፣ ድራሙን ዝም አሰኘው። መመሳሰሉ እዚያው ነው። የወል ስልት ብቻ ቢሆን ኖሮ አጃቢው ሲወጣ አብሮ ይወጣ ነበር።

ባለቤዝ፦
5 ቀለም ያለው የዳንስ ጩኸት ስንት አለ! ዘ ሲኩዌንስ የሚባሉት ሴት ራፐሮች በዚያው በ1979 «ፈንክ ዩ አፕ» የሚል ዘፈን ነበራቸው፤ እነሱም ኋላ ይገባናል አሉ። ኮላጅ የተባለው ባንድ በ1983ቱ «ያንግ ገርልስ» ተነሥቶ በ2016 ክስ መሠረተ። በ2017 ደግሞ የዛፕ «ሞር ባውንስ ቱ ዘ አውንስ» ባለመብት መጣ፤ የ1980 ዘፈን ነው። አንድ ነጠላ ዜማ ለ4 ወገን የኔ ነው ካሰኘ፣ አራቱም ከአንድ ምንጭ ቀድተዋል ማለት ነው።

ሕግ በቀላሉ፦
አራቱን አንድ ላይ አትጨፍልቃቸው። የኮላጅና የዛፕ መዝገቦች በ2018 ተዘግተዋል፤ ዘፈኑ ቅጂ ነው ብሎ የፈረደ ዳኛም ጁሪም (ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች) የለም። የጋፕ ባንድ ጥያቄ በሌላ በር ነው የመጣው።

አንድ ዘፈን ላይ ሁለት መብት አለ፤ የድርሰቱ፣ ማለትም የዜማና የግጥሙ፣ እና የቀረጻው፣ ማለትም የማስተሩ። ቀረጻውን ቆርጠህ ካስገባህ ሳምፕል ነው፤ ከሁለቱም ባለመብት ፈቃድ ያስፈልግሃል። ናስና ዴሚየን ማርሊ በ2010 «አስ ዊ ኤንተር» ላይ የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» የተጠቀሙት እንዲህ ነው፤ የምትሰሙት ራሱ የቀድሞው ቀረጻ ነው። በራስህ ሙዚቀኞች አስጫውተህ ከደገምከው ግን በአሜሪካ ሕግ የማስተሩ ባለቤት አይጠይቅህም፤ ጥያቄው የድርሰቱ ብቻ ይሆናል። እነሮንሰን የማንንም የጋፕ ባንድ ቀረጻ አልቆረጡም። ስለዚህ በ2015 መጀመሪያ የድርሰቱ አሳታሚ፣ ማለትም የደራሲዎቹን መብት የሚያስተዳድረው ድርጅት፣ በዩቲዩብ የባለመብቶች ሥርዓት ውስጥ ይገባኛል ብሎ አስመዘገበ። እዚያ ሁለት ወገን አንዱን ዘፈን የኔ ነው ሲል ለአሳታሚዎች የሚሄደው ክፍያ እስኪስማሙ ይታገዳል። የሚያስታርቀው ይህ ነው።

ሂሳቡ እንዲህ ነበር። ከራፐሩ ትሪኒዳድ ጄምስ የ2012 ዘፈን ለተወሰደች ሌላ ሐረግ ለሁለት ደራሲዎች 15 በመቶ ተመድቧል፤ ይህ ከመጀመሪያው የታወቀና የተፈቀደ ነው። የቀረው 85 ለሮንሰን፣ ለማርስ፣ ለጄፍ ባስከርና ለፊሊፕ ሎውረንስ በአራት ሲካፈል 21.25 ይደርሳቸው ነበር። 17 ሲነሣ 68 ቀረ፤ ለእያንዳንዳቸው 17። የጋፕ ባንዶቹ 17 ለአምስት ሲካፈል 3.4 ነው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ለአንድ የተሸጠ ዳውንሎድ ለድርሰቱ የሚከፈለው 9.1 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። በ1 ሚሊዮን ዳውንሎድ 17 በመቶው 15,470 ዶላር፣ ለአንድ ሰው 3,094 ዶላር ይሆናል፤ አሳታሚው ድርሻውን ሳይነሣ ማለት ነው።

ባለቤዝ፦
ቀኑን ግን አስተውሉ። ማርች 10 ቀን 2015 የሎስ አንጀለስ ጁሪ የሮቢን ቲክና የፋረል ዊሊያምስ «ብለርድ ላይንስ» የማርቪን ጌይን የ1977 ዘፈን «ጎት ቱ ጊቭ ኢት አፕ» ጥሷል ብሎ ወደ 7.4 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ። ዳኛው ወደ 5.3 ሚሊዮን ቢያወርዱትም ከወደፊቱ ገቢ ግማሹን ለጌይ ቤተሰብ ሰጡ። ፍርዱ በ2018 በይግባኝ ሲጸና ከሦስቱ ዳኞች አንዷ ይህ ስልትን በባለቤትነት መስጠት ነው ብለው በልዩነት ጽፈዋል። ከዚያ ፍርድ በኋላ የፈንክ ጉዳይ ይዞ ጁሪ ፊት የሚቆም ማነው? ስምምነቱ ከፍርሃት የመጣ ነው።

ሕግ በቀላሉ፦
ፍርሃቱ እውነት ነው፤ ንጽጽሩ ግን ይለያያል። የማርቪን ዘፈን የ1977 ስለሆነ በ1909ኙ የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ሥር ነው። የተጠበቀለት ተጽፎ የተመዘገበው ኖታ ብቻ ነበርና ጁሪው የማርቪንን ቀረጻ እንዲሰማ አልተፈቀደም። የጋፕ ባንድ ግን ከጃንዋሪ 1 ቀን 1978 ወዲህ ስለሆነ በአዲሱ ሕግ ነው የሚዳኘው፤ ቀረጻው ላይ የሚሰማው ሐረግ ሁሉ ድርሰቱን ሊያስረዳ ይችላል። ችሎት ቢሄዱ ማስረጃቸው ከጌይ ቤተሰብ ይልቅ ጠንካራ ነበር።

ድራም ጀርባ፦
ሁላችሁም ስለ ደራሲ ታወራላችሁ፤ ሰውን ከወንበር የሚያስነሣው ግን ሐረጉ ብቻ አይደለም። በ115 ፍጥነት አንድ ምት 0.52 ሰከንድ ነው፣ የምቱ ሩብ 0.13 ሰከንድ። ጊታሩ በዚህች ውስጥ ጥቂት ቢዘገይ ይጎተታል፣ ቢቀድም ይሮጣል። ሁሉንም በኮምፒዩተር መስመር ላይ ቀጥ አድርጎ መደርደር መፍትሔ የሚመስለው ብዙ ነው፤ ያኔ ደግሞ ፈንኩ ይሞታል። ለዚህ ነው ከፊሉ ሥራ ሜምፊስ ሮያል ስቱዲዮ የተሠራው፣ ድምፃዊው አል ግሪን በቀረጸበት ቤት፤ ለዚህ ነው ብራሱን የዳፕ ኪንግስና የአንቲባላስ ባንድ ሰዎች የነፉት። እነሱ ከ100ው ውስጥ የሉም። በኛ ካሴቶች ላይ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር ተብሎ ሦስቱ ለየብቻ ይጻፍ ነበር፤ ቢያንስ አቀናባሪው ስም ነበረው። በአሜሪካው አሠራር ግሩቭ፣ ማለትም ሰውን የሚያስጨፍረውን የምት አካሄድ፣ የፈጠረ የቀን ሥራው ተከፍሎት ይሄዳል፣ ሐረግ የፈጠረ የዕድሜ ልክ ድርሻ ይይዛል። የኔ ቅሬታ ይህ ነው።

የቅንብር ሰው፦
በዚህ ስልት ነጠላ ዜማ ለምትሠሩ አሠራሩን ላስቀምጥ። መነሻ ያደረጋችሁትን ዘፈን ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ከፕሮጀክቱ አውጡት፤ ጎን ለጎን እያዳመጡ የሠሩ ሰዎች ሳይታወቃቸው ነው ዜማው የሚገባባቸው። ሲያልቅ ሁለቱን ዘፈኖች ወደ አንድ ቁልፍና አንድ ፍጥነት አምጡና ድራሙን ዝጉ። ሦስት ቦታ ብቻ አወዳድሩ፤ አዝማቹን፣ የቤዙን ተደጋጋሚ መስመር፣ የብራሱን ሐረግ። ኮርድ ቢመሳሰል አትጨነቁ። አዝማቹ ከገጠመ ወይ ዜማውን ቀይሩ፣ ወይ ሚክስ ሳይጀመር ድምፁን አያይዛችሁ ለአሳታሚው ጻፉና ድርሻውን ተደራደሩ። ከወጣ በኋላ፣ በተለይ ከገነነ በኋላ፣ ዋጋውን የሚቆርጠው ሌላው ወገን ነው። የድርሻ ወረቀቱ በቀረጻው ቀን ይፈረም፤ ድምሩ ልክ 100 ይሁን። ሁለት አሳታሚ ለየብቻ አስመዝግቦ ድምሩ 105 ከመጣ ማንም ሳይከስሳችሁ ክፍያው ይቆማል።

ባለቤዝ፦
የድራም ጀርባን ቅሬታ እኔም እፈርምበታለሁ። ሐረጉም ይመሳሰላል፣ እሺ። ግን ዘፈኑ 4 ደቂቃ ተኩል ነው፤ ሐረጉ የሚመጣው ወደ ማብቂያው ነው። ለዚህ ከሮንሰንና ከማርስ እኩል 17? እኔ 8፣ ቢበዛ 10 እል ነበር። የቀረው የጁሪ ፍርሃት ዋጋ ነው።

ሕግ በቀላሉ፦
ቀመር የለውም፤ በሰከንድ አይለካም። ድርድር ነው።

ቀለም ቆጣሪ፦
በሰከንድ እንለካ ካልክ ደግሞ ያን ሐረግ አውጣውና የዘፈኑን ርዕስ ንገረኝ።