ዩኒስ ካርተር በሉቺያኖ ክስ ውስጥ የነበራቸው ድርሻ ምን ነበር?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የሕግ ተማሪ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1936 ኒው ዮርክ ውስጥ የማፊያ አለቃው ላኪ ሉቺያኖ በግዳጅ ሴተኛ አዳሪነት ስለተፈረደበት ክስ ሳነብ ጎልቶ የሚታየው የልዩ ዐቃቤ ሕጉ የቶማስ ዴዊ ስም ነው። ከሃያዎቹ ረዳቶቻቸው መካከል ብቸኛዋ ሴትና ብቸኛዋ ጥቁር የነበሩት ዩኒስ ካርተር ግን በአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይታለፋሉ። በችሎት ዋናውን ክርክር ያልመሩት ካርተር ለክሱ ያበረከቱት ምን ነበር? ኋላስ ለምን ዳኛ ሳይሆኑ ቀሩ?

መልስ 1

የክሱ መነሻ የተገኘው ማንም ከቁም ነገር ከማይቆጥራቸው ጥቃቅን መዝገቦች ነው። ካርተር ወደ ዴዊ ቢሮ ከመግባታቸው በፊት፣ በሴተኛ አዳሪነት የተያዙ ሴቶች በሚቀርቡበት ዝቅተኛ ፍርድ ቤት ዐቃቤ ሕግ ነበሩ። ዝና የማያስገኝ፣ አብዛኛውን ጊዜም ተከሳሾቹ በነፃ የሚሰናበቱበት ሥራ ነበር። እርሳቸው ግን አንድ ነገር አስተዋሉ፤ በተለያየ ቤት ለተያዙ ሴቶች ያው ጠበቃ ይቆምላቸዋል፣ ያው ዋስ ይቀርብላቸዋል፣ ቃላቸውም «ከሌላ ከተማ ጓደኛዬን ልጠይቅ መጥቼ ነው» የሚል ተመሳሳይ ታሪክ ነው። በየቤቱ ተበታትነው የሚሠሩ ሴቶች ይህን ሁሉ በራሳቸው ሊያደራጁት አይችሉምና ከበላያቸው አንድ ድርጅት መኖር እንዳለበት ደመደሙ።

ዴዊ በመጀመሪያ ሐሳቡን አልወደዱትም፤ የተሾሙት ትልልቆቹን ወንጀለኞች ለመያዝ እንጂ የሥነ ምግባር ጠባቂ ለመሆን አልነበረምና። አንድ የሥራ ባልደረባቸው ከካርተር ጎን ስለቆመ ምርመራው ተፈቀደ። በየካቲት 1936 መጀመሪያ ፖሊሶች የታሸገ ትእዛዝ ተሰጥቷቸው በአንድ ሌሊት ወደ 80 የሴተኛ አዳሪነት ቤቶች ተሰማሩ፤ የተያዙትም ዴዊ ቢሮ ወዳለበት ወደ ዉልዎርዝ ሕንፃ ተወሰዱ። በሙያው ላለሁት ለእኔ ትልቁ ነገር ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ዳኛው ለእያንዳንዷ ምስክር 10,000 ዶላር ዋስትና ስለጠየቁ፣ ሴቶቹ እንደ ወትሮው ይመጣል ብለው የጠበቁት ዋስ ቀረ። ያን ጊዜ አንዳንዶቹ ከድርጅቱ ጀርባ ሉቺያኖ እንዳለ መናገር ጀመሩ።

መልስ 2

የተባለው ሁሉ እውነት ሆኖ፣ የዴዊንም ድርሻ ማሳነስ አይገባም። የተለያዩ ወንጀሎችን በአንድ ክስ አጣምሮ ማቅረብ የሚያስችለው ሕግ በዚያው ዓመት እንዲወጣ ጥረት ያደረጉት እርሳቸው ናቸው፤ ሉቺያኖን በመስቀለኛ ጥያቄ ያፋጠጡትም እርሳቸው ናቸው። ይሁን እንጂ የካርተር ግኝት ባይኖር ኖሮ በዚህ መንገድ የሚቀርብ ክስ አይኖርም ነበር። ሉቺያኖ ከ30 እስከ 50 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

ዳኝነቱን በተመለከተ፣ ቀለማቸውና ጾታቸው ብቻውን መልስ የሚሆን አይመስለኝም፤ በዚያችው ከተማ በ1939 ጄን ቦሊን በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ዳኛ ሆነው ተሹመዋልና። ካርተር ዴዊ የማንሃተን ዐቃቤ ሕግ ሆነው ሲመረጡ አብረው ቀጠሉ፤ በቀላል ወንጀሎች ላይ የሚሠራ ክፍልም መርተዋል። በ1945 ቢሮውን ለቀው በግል ጥብቅና ሠሩ። ዴዊ የግዛቱ ገዥ እስከ መሆን ደርሰው ሳለ ለካርተር የዳኝነት ወንበር አለመገኘቱ ያሳዝነኛል። ብዙዎች ምክንያቱን በወንድማቸው በአልፋየስ ሃንተን የኮሚኒስትነት ፖለቲካ ላይ ያደርጉታል፤ ወንድማቸው በ1951 ታስረዋል፣ ዘመኑም የቤተሰብን አቋም የሚያስጠይቅ ነበር። ይሁንና ካርተር ቢሮውን ከለቀቁ ስድስት ዓመት አልፎ ስለነበር፣ እስሩ ብቻውን ነገሩን ሁሉ አያስረዳም።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የችሎቱን ቃለ ጉባኤ ብቻ ሳነብ ስለነበር ካርተርን ያጣኋቸው ለዚህ ነው። አሁን ከየካቲቱ አሰሳ በፊት ወደነበሩት የዋስትና መዝገቦች እመለሳለሁ።